ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ሻጭ እስከ መቼ ይታሰራል?

በጥር ወር 2000 ዓ.ም. አሰላ ከተማ በሚገኘው የአባቴ የእህል መጋዘን ውስጥ 60 ኩንታል ስንዴ ተሸጠ፡፡ ገዢው በዚያው ከተማ የአንድ ዳቦ ቤት ባለቤት ነበሩ፡፡ በኩንታል 390 ብር ተስማሙ፤ ተጨባበጡ፤ ሻይ ጠጡ፡፡ ቀብድ አልተሰጠም፤ ወረቀት አልተጻፈም፡፡ ምስክር ቢባል በር ላይ ጆንያ ይሰፋ የነበረው ልጅና ለጥምቀት ወደ ቤት የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርን፡፡ ስንዴው መቼ እንደሚነሳ ሲጠየቁ ገዢው «ጋሼ፣ ከፋሲካ በኋላ እወስደዋለሁ» አሉ፡፡ አባቴም «ይሁን» አሉ፡፡

ፋሲካ ሚያዝያ 19 ቀን ዋለ፡፡ ግንቦት አለፈ፤ ሰኔም አለፈ፡፡ ያ ዓመት የእህል ዋጋ ጣሪያ የነካበት፣ መንግሥትም ከውጭ ስንዴ ገዝቶ ለከተማ ነዋሪ ማከፋፈል የጀመረበት ወቅት እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፡፡ የዳቦ ቤቱ ባለቤት አይሱዙ ይዘው የመጡት በሐምሌ መጀመሪያ ሲሆን በዚያን ዕለት ስንዴ እኛው በር ላይ 620 ብር ይጠራ ነበር፡፡ አባቴ በ390 ብር አስጫኑ፡፡

ልዩነቱ 13,800 ብር ነው፡፡ የታናሽ እህቴ የኮሌጅ ክፍያ ከዚያ ስንዴ ይወጣል ተብሎ ታስቦ ስለነበር ትምህርቷን አንድ ዓመት አዘገየች፡፡ እኔ ያኔ የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነበርኩ፡፡ በቤቱ ውስጥ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ጠየቅኩ፤ «አባባ፣ ሰውዬው ሦስት ወር ሙሉ ሳይመጡ ቆይተው በድሮው ዋጋ ውሰዱ ማለት ምን ማለት ነው?» መልስ አላገኘሁም፡፡ ዛሬ ሥራዬ ለነጋዴዎችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ውል ማርቀቅ ነው፤ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ይኸው ጥያቄ በተለያየ መልክ ይቀርብልኛል፡፡ ቢሮ ውስጥ ፕሮፎርማ የሚሰበስብ የግዥ ሠራተኛም፣ መኪና ለመግዛት ቀብድ የከፈለ መምህርም፣ በቆጂ ላይ የቢራ ገብስ የሚያመርት ገበሬም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፡፡ የተባለ ዋጋ እስከ መቼ ይጸናል?

አንድ ቃል፣ ሦስት ዋጋ

በገበያችን «ዋጋ» የሚለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል፡፡ ጭቅጭቁም ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ሻጭና ገዢ ስለተለያየ ዋጋ እያወሩ መሆናቸውን ባለማወቃቸው ነው፡፡

የመጀመሪያው የተለጠፈ ዋጋ ነው፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1687 ላይ የዋጋ ዝርዝር ወይም ካታሎግ ለሰው መላክ፣ ሕዝብ በሚያየው ቦታ መለጠፍ፣ ወይም ዕቃን ለሽያጭ መደርደር ውል እንደማቅረብ እንደማይቆጠር ይደነግጋል፡፡ ነጋዴ ዋጋ እንዲለጥፍ የሚያስገድደው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱ በነጋዴውና በመንግሥት ቁጥጥር መካከል ያለ ግዴታ ሲሆን ለእርስዎ ለብቻዎ የተገባ ቃል አይደለም፡፡

ሁለተኛው የቀረበ ዋጋ ነው፡፡ ሻጭ ለአንድ ለታወቀ ሰው «ይህን ዕቃ በዚህ ዋጋ እሸጥልሃለሁ» ሲል ከራሱ ላይ ግዴታ ጥሏል፡፡ እስከ መቼ? ሕጉ በሁለት ከፍሎ ይመልሳል፡፡ ሻጩ የጊዜ ገደብ ከሰጠ፣ ገዢው ቀድሞ እምቢ እስካላለ ድረስ፣ እስከ ገደቡ መጨረሻ ይታሰራል (ቁጥር 1690)፡፡ ገደብ ካልሰጠ ደግሞ መልስ ይመጣል ብሎ በአግባቡ ሊጠብቅ እስከሚችልበት ጊዜ ድረስ ይታሰራል (ቁጥር 1691)፡፡ «በአግባቡ» የሚለው ቃል ላላ ያለ ቢመስልም በተግባር ከዕቃው ጠባይ ጋር ይሄዳል፡፡ በከብት ገበያ መካከል ለቆመ በሬ የተጠራ ዋጋ ገበያው ሲበተን አብሮ ይበተናል፤ ከውጭ ለሚመጣ ማሽን የተሰጠ ዋጋ ግን ገዢው ከባንክና ከአለቃው ጋር እስኪነጋገር ሊጠብቅ ይችላል፡፡ «ይህ ዋጋ ለ15 ቀናት የሚጸና ነው» የምትለው በፕሮፎርማ ግርጌ የምትገኝ መስመር ጌጥ አይደለችም፤ ሻጩን የምታስረውም የምትፈታውም እርሷ ናት፡፡

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልጨምር፡፡ መከራከር የቀረበውን ዋጋ ይገድለዋል፡፡ ሻጭ 900 ቢል፣ ገዢ 850 ቢል፣ ሻጭም እምቢ ቢል፣ ገዢው ተመልሶ «እሺ በ900ው» የማለት መብት የለውም፡፡ ለውጥ ያለበት መልስ እንደ እምቢታና እንደ አዲስ ሐሳብ ይቆጠራልና (ቁጥር 1694)፡፡ እርግጥ በመርካቶም ሆነ በአሰላ ገበያ ይህን ሕግ ጠቅሶ ገዢን የሚመልስ ነጋዴ አላየሁም፡፡ ዋጋው በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ከዘለለ ግን ሕጉ ከነጋዴው ጋር ነው፡፡

ሦስተኛው የተቆረጠ ዋጋ ነው፤ የአባቴ 390 ብር የዚህ ወገን ነው፡፡ ሁለቱ ወገኖች በዕቃውና በዋጋው ከተስማሙ ውል ተፈጽሟል፡፡ ለሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ ወረቀት የግድ አይደለም፤ ቃል ይበቃል (ቁጥር 1681)፡፡ ከዚህ በኋላ ዋጋው ጊዜ የሚያልፍበት ነገር መሆኑ ያበቃል፡፡ በሕግ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው (ቁጥር 1731)፤ አፈጻጸሙ ከታሰበው በላይ ከባድ ስለሆነም አይፈርስም (ቁጥር 1764)፡፡ ዳኛም ለርትዕ ብሎ ዋጋውን ሊለውጥ አይችልም (ቁጥር 1763)፡፡ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት እንደማይባል ሳይቀር በቁጥር 1794 ተጽፏል፡፡ የውል ክስ በይርጋ የሚታገደው በ10 ዓመት ስለሆነ፣ ነገሩን አክርሮ ለሚወስድ ሰው የ«እስከ መቼ» መልስ እዚያ ድረስ ይሄዳል ማለት ነው፡፡

ቀብድ የሚያስር ነው ወይስ የሚፈታ?

ብዙ ሰው ዋጋን ለማሰር ቀብድ ይከፍላል፡፡ እኔም የሕግ ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ ቀብድ ማለት ሻጭን ጠፍሮ የሚይዝ ገመድ ይመስለኝ ነበር፡፡ ሕጉ የሚለው ግን ሌላ ነው፡፡

ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው (ቁጥር 1883)፡፡ እስከዚህ ድረስ ከሕዝቡ እምነት ጋር ይስማማል፡፡ ቁጥር 1885 ግን ይቀጥልና፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ከውሉ ሊወጣ እንደሚችል፣ ቀብድ የተቀበለም እጥፉን መልሶ ሊወጣ እንደሚችል ይናገራል፡፡ ይህ ደንብ የአገራችን ብቻ አይደለም፡፡ የሕጉ አርቃቂ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ተመሳሳይ ድንጋጌ በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1590 ላይ ይገኛል፡፡ ሥሩ እስከ ሮማውያን ሕግ ድረስ ይመዘዛል፡፡

ይህን በቁጥር እንየው፡፡ አንድ ነጋዴ 40 ኩንታል ገብስ በኩንታል 4,000 ብር ለመግዛት ተስማምቶ 5,000 ብር ቀብድ ሰጠ እንበል፡፡ ከሦስት ሳምንት በኋላ ዋጋው 4,600 ብር ገባ፡፡ ሻጩ ገብሱን ለሌላ ሰው ቢሸጥ 24,000 ብር ተጨማሪ ያገኛል፡፡ የቀብዱን እጥፍ 10,000 ብር ይመልሳል፤ ከዚህ ውስጥ ከኪሱ የሚወጣው 5,000 ብር ብቻ ነው፡፡ 19,000 ብር አትርፎ፣ ሕግ ሳይጥስ፣ በሰላም ይሄዳል፡፡ ገዢው ቀብድ ባይሰጥ ኖሮ ግን ሻጩ የሚጠየቀው በውሉ ዋጋና በገበያው ዋጋ መካከል ላለው ልዩነት በሙሉ ማለትም ለ24,000 ብር ሊሆን ይችል ነበር፡፡ በሌላ አነጋገር ትንሽ ቀብድ ሻጩን አላሰረውም፤ ርካሽ መውጫ በር ሰራለት፡፡

«እንግዲያው ቀብድ መስጠት ይቅር?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፡፡ አይቅር፡፡ ያለ ቀብድና ያለ ወረቀት ውሉ መኖሩን ማስረዳት የሚከብደው ለከሳሹ ነው፤ የሰው ምስክር ይፈቀዳል፣ ነገር ግን የመጋዘን ወዛደር ከአሠሪው ላይ ሊመሰክር ፍርድ ቤት ይመጣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው፡፡ እኔ ደንበኞቼን የምመክረው ሁለት ነገር ነው፡፡ አንደኛ፣ የቀብዱ መጠን ዋጋው ሊዘል ከሚችለው ልክ ጋር የሚመጣጠን ይሁን፡፡ ሁለተኛ፣ የሚከፈለው ገንዘብ ቀብድ ሳይሆን ከዋጋው ላይ የተከፈለ ቅድሚያ ክፍያ ከሆነ በወረቀቱ ላይ ስሙ ይጻፍ፤ «ቀብድ» እና «ቅድሚያ ክፍያ» በሕግ ፊት አንድ አይደሉም፡፡ ቅድሚያ ክፍያ የመውጫ በር አይከፍትም፤ እጥፍ መመለስም አያስከትልም፡፡ ወይም ደግሞ ሕጉ ራሱ «ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር» ስለሚል፣ ቀብዱን መልሶ መውጣት እንደማይቻል በአንድ መስመር መስማማት ይቻላል፡፡ ይህችን አንዲት መስመር ባለመጻፍ መኪናውና ቤቱ ያመለጠው ሰው ብዙ ነው፡፡ የቤት ሽያጭ ደግሞ በጽሑፍ መሆን ያለበት ስለሆነ የራሱ ጣጣ አለው፤ እርሱን ለሌላ ጊዜ ልተወው፡፡

የአርሲ ገብስ

የተቆረጠ ዋጋ ምን ያህል እንደሚፈተን ማየት የሚፈልግ ሰው ከአሰላ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ ይውጣ፡፡ ጭላሎንና ጋለማን በስተግራ እያየ የሚጓዝበት ይህ ደጋ የስንዴና የገብስ አገር ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ በአጭር ስሙ «ካዱ»፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ለገበሬው ማከፋፈልን እዚህ አስለመደ፡፡ የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም ከአሰላ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል፡፡ በ1970ዎቹ አጋማሽ የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር የቢራ ገብስ ለአርሲ ገበሬ እውነተኛ የገንዘብ ሰብል ሆነ፡፡ ሆልከር የሚባለው ዝርያ ለረጅም ዘመን ማሳውን ሞልቶት ቆየ፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 በኋላ የውጭ ቢራ አምራቾች ወደ አገሪቱ ሲገቡ ደግሞ እንደ ትራቬለር ያሉ አዳዲስ ዝርያዎችና ከገበሬ ጋር የሚደረግ የአቅርቦት ውል አብረው መጡ፡፡

የውሉ አሠራር በወረቀት ላይ ቀላል ነው፡፡ ገዢው ወይም ማኅበሩ በሰኔ ዘር ያቀርባል፤ አንዳንዴም ማዳበሪያ፡፡ ገበሬው በታኅሣሥና በጥር ሲወቃ በተስማሙበት ዋጋ ገብሱን ያስረክባል፡፡ ችግሩ በሰኔና በታኅሣሥ መካከል ያሉት ስድስት ወራት ናቸው፡፡ ዋጋው ወደ ላይ ከሄደ ነጋዴ ጥሬ ገንዘብ በኪሱ ይዞ አውድማው ዳር ድረስ ይመጣል፤ ያለ ጥራት ምርመራ፣ ያለ ወረፋ፣ ያለ ባንክ፡፡ ገበሬውም የተወሰነውን ለውሉ፣ የቀረውን ለነጋዴው ያደርጋል፤ አንዳንዱ ከነጭራሹ «ምርቴን በረዶ መታው» ይላል፡፡ ይህ በውል የታሰረን ምርት ለሌላ የመሸጥ ልማድ ከአርሲ አልፎ፣ የእርሻ ውል በሚሠራበት የዓለም ክፍል ሁሉ የሚታወቅ በሽታ ነው፡፡

ከተሜው ወዳጄ ይህን ሲሰማ «ገበሬው ቃሉን በላ» ይላል፡፡ እኔ ግን ነገሩን ከሁለቱም በኩል ስላየሁት እንዲህ በቀላሉ አልፈርድም፡፡ ዋጋው ወደ ታች ሲሄድስ? ያኔ የገዢው መዝገብ ይከፈታል፡፡ የቢራ ገብስ ተራ ገብስ አይደለም፤ ፕሮቲኑ ከልክ ካለፈ፣ እርጥበቱ ከበዛ ወይም የመብቀል አቅሙ ካነሰ ለብቅል አይሆንም፡፡ ይህ እውነተኛ የሙያ መስፈርት ነው፡፡ ዳሩ ግን መለኪያው ያለው በገዢው እጅ ነው፡፡ ገበያው ሲወድቅ የሚመለሰው ጭነት ለምን እንደሚበዛ ያየሁት አንድ ጊዜ አይደለም፡፡ አንዱ ወገን የመውጫ በር ሲኖረው፣ ሌላው ያለ በር ስድስት ወር ቃሉን ጠብቆ ይቀመጥ ማለት ፍትሕ አይመስለኝም፡፡

በመሆኑም በተሳተፍኩባቸው ረቂቆች ላይ ሁልጊዜ የምከራከረው ለአንድ ነገር ነው፤ ለስድስት ወር ቁርጥ ዋጋ አትቁረጡ፡፡ ከዚያ ይልቅ ዝቅተኛ ዋጋ ይወሰን፤ ከዚህ በታች ገዢው አይወርድም፡፡ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ በርክክቡ ሳምንት በተሰየመ ገበያ ላይ የዋለው ዋጋና በላዩ የተወሰነ ጭማሪ ይሁን፡፡ የትኛው ገበያ፣ የትኛው ቀን፣ ማን አይቶ እንደሚመዘግበው ይጻፍ፡፡ የጥራት ናሙና ሁለቱም ባሉበት ተወስዶ ግማሹ በማኅበሩ እጅ ይቆይ፡፡ ገዢዎች መጀመሪያ ላይ «ወጪያችንን አስቀድመን ማወቅ አለብን» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ እውነታቸውን ነው፡፡ ነገር ግን በወረቀት የታወቀ፣ በመጋዘን ያልገባ ገብስ ምን ይጠቅማል?

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289 እንዲህ ያለው ውል በጽሑፍ እንዲሆን በማድረጉ ቢያንስ «ምን ተባባልን?» የሚለውን ክርክር ያሳጥራል፡፡ ይሁን እንጂ ከአርሲ ገበሬ ጋር የሚነሳ አለመግባባት ፍርድ ቤት የሚደርሰው እምብዛም ነው፡፡ ለ12 ኩንታል ገብስ ማን ይከሳል? ነገሩ የሚያልቀው በጃርሱማ፣ በአገር ሽማግሌ ነው፡፡ ሽማግሌዎች ደግሞ ቁጥር 1763 አያግዳቸውም፡፡ ልዩነቱን ለሁለት ከፍለው ሲያስማሙ አይቻለሁ፤ ሕግ ዳኛውን የከለከለውን ነገር እነርሱ በአንድ ከሰዓት ይጨርሱታል፡፡

የርቀቱን ነገር በሌላ መንገድ የፈታው በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው፡፡ እዚያ ሻጭና ገዢ ዋጋ ሲቆርጡ እህሉ አስቀድሞ በተመሰከረለት መጋዘን ተቀምጧል፤ ክፍያው በማግስቱ ይጠናቀቃል፡፡ በዋጋው መቆረጥና በገንዘቡ መካከል አንድ ሌሊት ብቻ ስላለ ለመክዳት የሚያባብል ጊዜ የለም፡፡

ዋጋ በአንድ ሌሊት ሲዘል

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 74 ብር ገደማ ገባ፡፡ በዚያ ሳምንት ስልኬ አላረፈም፡፡ ሐምሌ 18 ቀን ፕሮፎርማ የሰጠ አስመጪ «ልሰርዘው እችላለሁ?» ይላል፤ ፕሮፎርማውን የያዘው ድርጅት «ሊሰርዝብኝ ይችላል?» ይላል፡፡ መልሱ በወረቀቱ ግርጌ ነበር፡፡ «ለ30 ቀን የሚጸና» ብለው የጻፉት ገዢው በጊዜው ከተቀበላቸው በሕግ ፊት ታስረዋል፡፡ «የምንዛሪ ለውጥ ካለ ዋጋው ይከለሳል» ብለው የጻፉት አልታሰሩም፡፡ ምንም ያልጻፉት ደግሞ «በአግባቡ የሚጠበቅ ጊዜ» ስንት ነው ወደሚለው ክርክር ገቡ፡፡ ከዚያ ወዲህ የማያቸው ፕሮፎርማዎች የጊዜ ገደባቸው አጥሯል፤ የ24 ሰዓት ያለውም ገጥሞኛል፡፡ አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ስግብግብነት ያየዋል፡፡ እኔ ግን ሊጠብቀው የማይችለውን ሠላሳ ቀን ከሚጽፍ ሻጭ፣ የሚጠብቀውን አንድ ቀን የሚጽፈውን እመርጣለሁ፡፡

የማይተካ ዕቃ ሲሆን

እስካሁን ያወራነው ስለሚተካ ዕቃ ነው፡፡ ስንዴ ስንዴ ነው፤ አንዱ ሻጭ ቢከዳ ከሌላው ይገዛል፡፡ ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ያለውን ገዢ በዋናነት የሚያስተናግደው በገንዘብ ካሳ ሲሆን፣ ሌላ ቦታ ያለ ብዙ ወጪ ሊገዛው የሚችለውን ዕቃ «እርሱኑ አስረክበኝ» ብሎ ማስገደድ አይፈቅድለትም (ቁጥር 2330)፡፡ ዕቃው ልዩ ጥቅም ያለው ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል፡፡ በቆጂ ላይ ለጉግስ የተመረጠ አንድ ፈረስ፣ የቤተሰብ ማስታወሻ የሆነ ማርትሬዛ ያለበት ድሪ፣ ወይም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1894 በፓሪስ ከታተሙት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች አንዱ ቢሆን ገዢው በልዩነት ካሳ አይረካም፤ ዕቃውን ራሱን ይጠይቃል፣ ሕጉም ሊሰማው ይችላል (ቁጥር 2329)፡፡ ቴምብር፣ የድሮ ሳንቲምና ካርድ የሚሰበስቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት የካታሎግን ዋጋ ይዘው «በዚህ ሽጥልኝ» ሲሉ ነው፡፡ ካታሎግ ማንንም አያስርም፤ ሻጩን የሚያስረው ከራሱ አፍ የወጣው ዋጋ ነው፡፡

ወደ 60ው ኩንታል እንመለስ

ሕግ ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ የአባቴን ጉዳይ እንደ ማንኛውም ፋይል አንብቤዋለሁ፡፡ ውል ነበር፡፡ የ230 ብሩ ጭማሪ ውሉን አያፈርስም፡፡ ስለዚህ በሐምሌ በ390 ብር ማስጫናቸው ቸርነት ሳይሆን ግዴታ ነበር፤ እኔ ያኔ የተናደድኩት ያለ ቦታው ነው፡፡ ነገር ግን ይህ ማለት አባቴ እጃቸውን አጣጥፈው መጠበቅ ነበረባቸው ማለት አይደለም፡፡ «ከፋሲካ በኋላ» የሚለው ቃል ከሚያዝያ 20 ጀምሮ ለሁለቱም ይሠራል፡፡ አንድ ልጅ ወደ ዳቦ ቤቱ ልከው «ስንዴህ ተዘጋጅቷል፣ በዚህ ሳምንት ገንዘቡን ይዘህ ውሰድ፤ ካልሆነ ውሉን አፈርሳለሁ» ቢሉ፣ ገዢውም ባይመጣ፣ ከውሉ የሚወጡበት መንገድ ይከፈት ነበር፡፡ በሚያዝያ መጨረሻ ዋጋው ገና እንዲህ አልዘለለም፤ ሰውዬውም ሳይወስዱት አይቀሩም፡፡ በአጭሩ አባቴን የጎዳቸው ዋጋውን ማክበራቸው ሳይሆን ማስጠንቀቂያ አለመስጠታቸው ነው፡፡

ይህን ሁሉ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አሰላ ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን አስረዳኋቸው፡፡ ቁጥር ጠቀስኩ፡፡ አባቴ ጸጥ ብለው ሰሙኝና «ልጅ ልኬ ነበር» አሉ፡፡

ለ15 ዓመት ያልሰማሁት ነገር ነው፡፡ በግንቦት መጀመሪያ ላይ ጆንያ የሚሰፋውን ልጅ ልከው ኖሯል፡፡ ዳቦ ቤቱ ተዘግቶ አገኘው፤ ሰውዬው ባለቤታቸው ታመው አዲስ አበባ ሆስፒታል አስተኝተው ነበር፡፡ ልጁ ተመልሶ ይህን ነገራቸው፡፡ ከዚያ ወዲያ አልላኩም፡፡

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?» አልኳቸው፡፡ በዚያ ዕድሜዬም ቢሆን በቁጣ ስናገር «አንተ» ማለቴ አልቀረም፡፡

«እህትህ ታልቅስ? አንድ ዓመት ነው፣ ቆየች፣ ገባች» አሉኝ፡፡ ከዚያ ተነስተው የድሮውን የመጋዘን ደብተር አመጡና አሳዩኝ፡፡ የ2000 ዓ.ም. ገጾች ላይ የገዢ ስም፣ ኩንታልና ዋጋ ብቻ ነው ያለው፡፡ ከ2001 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ግን አራተኛ ዓምድ በእስክሪብቶ ተሰምሯል፤ ከላዩም «እስከ» የሚል ተጽፏል፡፡ ከሥሩ በየመስመሩ ቀን አለ፡፡ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከቀኑ ይልቅ «ልጁ እስኪድን» ይላል፡፡ ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ረስቼዋለሁ አሉ፡፡